ድመቴ ወፍራለች፣ እንዴት ክብደቷን ላስቀንስ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወፍራም ድመት ፎቶ ላይ ስትታይ ታስቃለች። ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ያሉት ጥያቄዎች ድመት ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየምም፣ ከአሜሪካ አፓርታማም፣ ከዱባይም ይመጣሉ። አገሩ ይለያይ እንጂ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሳህኑ ላይ ነው የሚያርፈው፦ ስንት ግራም ገባበት፣ ማንስ ጨመረበት።

በእርግጥ ወፍራለች ወይስ ፀጉሯ ነው?

ዓይን ያታልላል፣ በተለይ ፀጉራም ድመት ላይ። የሚታወቀው በእጅ ነው። ሁለት እጃችሁን ጎንና ጎኗ ላይ አድርጉና በስሱ ዳብሷት፣ ሳትጫኑ። ከዚያ የራሳችሁን እጅ ዘርጉና ጀርባውን በሌላኛው እጅ ጣት ዳብሱት። አጥንቱ ይሰማችኋል፣ ግን ስስ ነገር ሸፍኖታል። የድመቷ የጎን አጥንት እንዲህ ከተሰማችሁ ደህና ናት። መዳፋችሁን የምትዳብሱ ያህል ለስላሳ ከሆነና አጥንቱን ለማግኘት ጫን ማለት ካስፈለጋችሁ ወፍራለች። ጨብጣችሁ የቡጢያችሁን አንጓ የምትነኩ ከመሰላችሁ ደግሞ ከስታለች፣ ይህን ገጽ ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ቆማ ሳለችም ከላይ ተመልከቷት። ከጎኗ ቀጥሎ ወገቧ ትንሽ ገባ ማለት አለበት። የእንስሳት ሐኪሞች ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣሉ፤ 5 ልክ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ ከ10 እስከ 15 በመቶ ትርፍ ክብደት ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እዩ። ጀርባዋ ሲያልቅ፣ ጭራዋ ሥር ያለውን ፀጉር። እዚያ ቦታ ቅባት ይዞ፣ ፎረፎር በዝቶበት፣ ፀጉሩ እየተቋጠረ ከሆነ ምላሷ አልደርስላት ብሏል ማለት ነው። ድመት በራሷ ፈቃድ አትቆሽሽም።

ሆዷ ሥር የሚንጠለጠለው ነገርስ?

ያ ብዙ ጊዜ ስብ አይደለም። የኋላ እግሮቿ አካባቢ ስትሮጥ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ ልል ቆዳ ቀጭን ድመትም አላት። እዚያ ላይ ጊዜ አታጥፉ፣ ጎኗን ዳብሱ።

ግን ሆዷ ብቻ ተነፍቶ ጎኗና አከርካሪዋ አጥንት በአጥንት ከሆነ ውፍረት አይደለም። እርግዝና፣ የሆድ ትል፣ ወይም ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ይያት።

ስንት ኪሎ መሆን አለባት? እንዴት ልመዝናት?

ተራ የቤት ድመት ከ3.5 እስከ 5 ኪሎ ትመዝናለች። እንደ ሜይን ኩን ያሉት ግዙፍ ዝርያዎች 8 ኪሎ ሆነውም ወፍራም አይባሉም፣ ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ እጃችሁን እመኑ። ጥሩ ፍንጭ የሚሰጠው አድጋ የጨረሰችበት ጊዜ፣ ማለትም አንድ ዓመት አካባቢ ሳለች የነበራት ክብደት ነው፣ ያኔ ካልወፈረች በቀር።

የተለመደው ዘዴ አቅፋችሁ ሚዛን ላይ መውጣት፣ ከዚያ ብቻችሁን መውጣትና መቀነስ ነው። ችግሩ የሰው ሚዛን 100 ግራም ድረስ ብቻ ነው የሚለየው፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ የሳምንት ለውጥ 50 እና 60 ግራም ነው። የተሻለው የሻንጣ መመዘኛ ነው፤ ያቺ ተንጠልጥላ የምትመዝነው ትንሽ ዕቃ። ድመቷን ዘንቢል ወይም ጠንካራ ቦርሳ ውስጥ አስገብታችሁ ብድግ ማድረግ ነው፣ ከዚያ የቦርሳውን መቀነስ። የሕፃን ሚዛን ያለው ሰው ካገኛችሁማ በጣም ጥሩ። ምንም ከሌለ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆችም አሉ፤ ድመት ታቅፎ ሲመጣባቸው ይስቃሉ እንጂ እምቢ አይሉም።

ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ሳትበላ። ቁጥሩን ፍሪጅ በር ላይ ጻፉት።

ብትወፍር ምን አለበት? ጥጋብ አይደል?

ቤተሰቡ ሁሉ የሚለው ይህንን ነው፣ አይፈረድበትም። ድመት አይጥ አድና እንድትኖር በሚጠበቅበት ቤት የወፈረች ድመት በደንብ የተያዘች ድመት ነበረች። ዛሬ ግን አይጥ በሌለበት አራተኛ ፎቅ ላይ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ሳህኗ እየሞላላት ነው።

4.5 ኪሎ መሆን ያለባት ድመት 6 ኪሎ ስትሆን «አንድ ኪሎ ተኩል ብቻ» እንላለን። 60 ኪሎ መሆን ያለበት ሰው 80 ኪሎ ሆነ ማለት ነው እኮ። ወፍራም ድመት በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድሏ ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። መገጣጠሚያዋ ይታመማል፣ መዝለል ታቆማለች፣ እኛ ደግሞ «ረጋ አለች፣ ትልቅ ሰው ሆነች» እንላለን። የሽንት ቧንቧ ችግር ይበዛባታል፣ ቀዶ ሕክምና ካስፈለጋት ማደንዘዣው ያሰጋታል። በ1986 አውስትራሊያ ውስጥ የሞተው ሂሚ የሚባል ድመት 21.3 ኪሎ ነበር፤ ከወዲያ ወዲህ የሚወሰደው በጋሪ ነበር። ጊነስ የክብር መዝገብ ከእሱ በኋላ «ከባዱ ድመት» የሚለውን ክብረ ወሰን መቀበል አቆመ፣ ሰዎች ሆን ብለው ድመት እያጨቁ እንዳይመግቡ።

ሁለት ሦስት ቀን ምግብ ብከለክላት ቶሎ አትከሳም?

በፍጹም። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

የድመት ጉበት እንደ ሰው ወይም እንደ ውሻ አይደለም። ድመት መብላት ስታቆም ሰውነቷ ያጠራቀመውን ስብ ወደ ጉበት ይልካል፣ ጉበቷ ግን ያን ሁሉ ስብ በፍጥነት መሥራት አይችልም። ስቡ እዚያው ጉበቱ ውስጥ ይከማቻል። ጉበቱ ሥራውን ያቆማል፣ ድመቷ የምግብ ፍላጎቷ ጭራሽ ይጠፋል፣ ባለመብላቷ ደግሞ ሌላ ስብ ይመጣል። ይህ ሁሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ዋነኛዋ ተጠቂ ደግሞ ማን ናት? ወፍራሟ ድመት፣ የሚላክ ስብ ያላት እሷ ስለሆነች።

ምልክቱ ምግብ እምቢ ማለት፣ ማስመለስ፣ ድብርት፣ ከዚያ የድዷ፣ የዓይኗ ነጩ ክፍልና የጆሮዋ ውስጥ ቢጫ መሆን ነው። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ሳምንታት በቱቦ መመገብ ነው። ቶሎ ከተደረሰላቸው ብዙዎቹ ይድናሉ፣ ከዘገየ ግን ትሞታለች።

ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልበላች ሐኪም ጋ ደውሉ። ሁለት ቀን አትጠብቁ። አዲሱን ምግብ ካልወደደችው «ሲርባት ትበላዋለች» የሚለው የልጅ አስተዳደግ እዚህ አይሠራም፤ አሮጌውን መልሱላትና ቀስ ብላችሁ ሞክሩ።

እሺ፣ በቀን ስንት ልስጣት?

የሚሰላው አሁን ባላት ክብደት አይደለም፣ ሊኖራት በሚገባው ክብደት ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። የታለመውን ክብደት በራሱ ሦስት ጊዜ አባዙ (4.5 × 4.5 × 4.5)፣ ከዚያ የስኩዌር ሩት ምልክቱን ሁለት ጊዜ ተጫኑ፣ በ70 አባዙ፣ ከዚያ በ0.8። ለ4.5 ኪሎ 173 ይመጣል። ይህ የቀኑ ካሎሪ ነው። ለ4 ኪሎ 158፣ ለ5 ኪሎ 187 ገደማ።

አሁን ወደ ግራም። ደረቅ የድመት ምግብ አብዛኛውን ጊዜ በ100 ግራም ከ350 እስከ 400 ካሎሪ አለው፤ ከረጢቱ ላይ ወይም የአምራቹ ገጽ ላይ ይገኛል። 380 ከሆነ 173 ካሎሪ ማለት 45 ግራም ነው። ለቀኑ ሙሉ። መጀመሪያ ሳህን ላይ ስታዩት ትደነግጣላችሁ፣ እፍኝ እንኳ አይሞላም። ይህን መነሻ አድርጉት እንጂ እንደ ቃለ መሐላ አትያዙት፤ አንዷ ድመት በዚህ ትቀንሳለች፣ ሌላዋ ንቅንቅ አትልም። ቢቻል ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ይያት፣ ቁጥሩንም አብሯችሁ ይይ። አሁን እየበላች ያለችው ከዚህ በጣም የሚበልጥ ከሆነም በአንድ ቀን አትቁረጡት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደረጃ በደረጃ አውርዱት።

የወጥ ቤት ሚዛን ግዙ። ስኒም፣ ኩባያም፣ «በዓይኔ አውቀዋለሁ»ም አይሠራም። በቀን 3 ግራም ደረቅ ምግብ ብትስቱ፣ ያም ጥቂት ፍሬ ነው፣ 10 ካሎሪ ገደማ ይሆናል፤ በዓመት ሲጠራቀም ወደ ግማሽ ኪሎ ስብ ይጠጋል። ድመት ላይ ግማሽ ኪሎ ብዙ ነው።

ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ነው የምሰጣት። ታዲያ ለምን ወፈረች?

ሠንጠረዡ ላይ «6 ኪሎ» የሚለውን መስመር አይታችሁ ነዋ። ያ መስመር 6 ኪሎ መሆን ላለባት ድመት ነው፣ ያውም ክብደቷን እንድትጠብቅ እንጂ እንድትቀንስ አይደለም። ብዙ ጊዜም ለጋስ ነው።

ደረቅ ይሻላል ወይስ እርጥብ?

ሁለቱም ያከሳል፣ ሁለቱም ያወፍራል። እርጥቡ ሦስት አራተኛው ውኃ ነው። አንድ 85 ግራም ፓኬት ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 90 ካሎሪ አለው፣ ስለዚህ በተመሳሳይ ካሎሪ ሳህኑ ሞላ ይላል፣ ድመቷም ውኃ ታገኛለች። የምትለምን ድመት ላለው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ጉዳቱ ዋጋው ነው፣ በተለይ ኢትዮጵያ ውስጥ አብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ። አቅም ካነሰ ደረቁን መዝኖ መስጠት ምንም ነውር የለበትም፣ ወይም ግማሽ በግማሽ።

የምግብ ዓይነት ከቀየራችሁ ከ7 እስከ 10 ቀን እየቀላቀላችሁ ይሁን።

«ላይት» የሚል የተጻፈበትስ?

ላይት ማለት ከዚያው ድርጅት ከሌላው ምግብ ያነሰ ካሎሪ አለው ማለት ነው፣ ብዙ ከሰጧት ያው ነው። በጣም ወፍራም ለሆነች ድመት ግን ሐኪም የሚያዘው የክብደት መቀነሻ ምግብ ጥሩ ምክንያት አለው። ተራውን ምግብ በጣም ስትቀንሱ ካሎሪው ብቻ ሳይሆን ፕሮቲኑም ቫይታሚኑም አብሮ ይቀንሳል፤ ያኛው ግን ካሎሪው ቀንሶ ሌላው እንዲበቃት ተደርጎ ነው የሚሠራው። ፕሮቲን ካነሳት ስብ ሳይሆን ጡንቻ ነው የምታጣው።

ወተት ትወዳለች። ትንሽ ብሰጣት ምን ይላል?

አንድ የቡና ስኒ ወተት 45 ካሎሪ ገደማ ነው። የቀኗን ሩብ በአንድ ስኒ ጠጣችው ማለት ነው! በዚያ ላይ ብዙ ትልልቅ ድመቶች የወተቱን ስኳር መፍጨት አይችሉም፣ ሆዳቸውን ያስቀምጣቸዋል። ውኃ ስጧት። ቅቤ፣ አይብ፣ የቱና ዘይት፣ እነዚህም እንደዚያው ናቸው። ከዋናው ምግብ ውጭ የምትሰጧት ሁሉ ተደምሮ ከቀኑ ካሎሪ 10 በመቶ አይለፍ፣ ማለትም 17 ካሎሪ። የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል የተቀቀለ ዶሮ፣ በቃ።

እኛ ቤት ሳንባ ነው የምትበላው። ከስጋ ቤት።

ሳንባ ራሱ ብዙ ስብ የለውም፣ ካሎሪውም ብዙ አይደለም። ችግሩ ብቻውን ሲሆን ነው። ድመት ከአጥንት የምታገኘው ካልሲየም ስጋና ሳንባ ውስጥ የለም፣ በስጋ ብቻ የምትኖር ድመት አጥንቷ ይጎዳል። ጉበት በየቀኑ ከሆነ ደግሞ ቫይታሚን ኤ ይበዛባታል፣ የአንገት አጥንቷ እስኪጣበቅ ድረስ። ሳንባና ጉበት ከሰጣችሁ ቀቅሉት፣ በትንሹ ይሁን፣ ለድመት ከተሠራ ምግብ ጋር ይሁን። ስትቀቅሉም መረቁን አትድፉት፤ ለልቧና ለዓይኗ የሚያስፈልጋት ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ውኃው ውስጥ ይቀራል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት አይሰጥም፣ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ሙሉ በሙሉ ቤት ውስጥ በሚሠራ ምግብ ላክሳት ካላችሁ ከሐኪም ጋር ተመካከሩ። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፣ ለአዲስ አበባ ሰውም ሩቅ አይደለም።

ጾም ሲገባ ቤታችን ስጋ የለም። እሷም ትጹም እንዴ? ትከሳ ነበር እኮ።

ብዙ ሰው በቀልድ ነው የሚጠይቀው፣ ግን በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ብዙ ድመት ሽሮ በእንጀራ ነው የምትበላው። ድመት ስጋ በል ናት፤ ታውሪንን ራሷ በበቂ ሁኔታ መሥራት አትችልም፣ ሽሮ ውስጥ ደግሞ የለም። ለረጅም ጊዜ ሲጎድልባት ልቧ ይደክማል፣ ዓይኗ ይጠፋል። ይህ ከታወቀ ቆይቷል፣ በ1987 የድመቶች የልብ በሽታ ከታውሪን ማነስ ጋር መያያዙ ከተረጋገጠ ጀምሮ ፋብሪካዎቹ ምግባቸው ላይ ይጨምሩታል። እንጀራውም ቢሆን በካርቦሃይድሬት ይሞላታል እንጂ አያከሳትም።

ከሁሉም በላይ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ። ሁለቱም የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፣ ጥሬም ሆነ ብስል፣ ደረቅ ዱቄትም ቢሆን። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ በፋሲካ ደግሞ ዶሮ ወጡ፣ ሁሉም በሽንኩርት ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ጾም ሳይገባ የሷን ምግብ ገዝታችሁ አስቀምጡ። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳም ብለው የጨረሱት እኮ አባቶች ናቸው።

ከተመከነች በኋላ ነው የወፈረችው። ባላስመክናት ይሻል ነበር?

አይደለም። ማምከን የካሎሪ ፍላጎቷን ከ20 እስከ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎቷን ግን ይጨምራል። ሳህኑ እንደ ድሮው ከቀጠለ ትወፍራለች። ገና ልታስመክኑ ያላችሁ ከሆነ ቁስሉ ሲድን ጀምሮ ምግቡን መመዘን ጀምሩ። የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ድመት ካለችም ያ ኪኒን ራሱ ክብደት ይጨምራል፣ ለስኳርም ያጋልጣል፤ ሐኪም ጠይቁ።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እየጮኸች ትቀሰቅሰኛለች።

እናንተስ ተነስታችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ምግብ ትሰጣላችሁ። ስለዚህ ጩኸት ይሠራል፣ ነገም ትጮሃለች።

የቀኑን ድርሻ አራት ቦታ ክፈሉት፣ የመጨረሻውን ልትተኙ ስትሉ ስጧት። ከመስጠታችሁ በፊት ትንሽ አሯሩጧት። ሌሊቱን ግን አትነሱ፣ አትቆጡ፣ አታናግሯትም። መጀመሪያ ጩኸቱ ይብስበታል፣ ያኔ ከተሸነፋችሁ ደግሞ ጮክ ብሎ መጮህ እንደሚያዋጣ አስተማራችኋት ማለት ነው። ደብል ሺፍት የምትሠሩ ሰዎች ሰዓት የሚሞላ አውቶማቲክ መመገቢያ ብትገዙ ይገላግላችኋል፤ ድመቷ ከእናንተ ፊት ላይ ዓይኗን ነቅላ ማሽኑ ላይ ትተክላለች።

እኔ እመዝናለሁ፣ እማማ ግን በጓሮ በር ያበሏታል።

የብዙ ቤት ትልቁ ችግር ይኸው ነው። «ምን በላች ይቺ ምስኪን፣ እዩት ዓይኗን» ይላሉ እማማ፣ ከእጃቸው ካልጎረሰች ያደረች አይመስላቸውም። ክርክር ውስጥ አትግቡ። እማማን ከመከልከል ይልቅ ሥራውን ለእሳቸው ስጡ። ጠዋት የቀኑን 45 ግራም መዝናችሁ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አድርጉና «እማማ፣ የዛሬው ይኸው ነው፣ በፈለጉ ጊዜ ይስጧት» በሉ። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ልጆችም ሠራተኛዋም፣ ከዚያ ቆርቆሮ ብቻ ይስጡ። ሲያልቅ አለቀ። አንዲት ፍሬ ብትሰጧትም ለድመቷ አንድ ጉርሻ ነው፤ ደስ የሚላት ቁጥሩ ነው እንጂ መጠኑ አይደለም።

ውጭ የምትወጣ ከሆነች ጎረቤትንም ጠይቁ። ሦስት ቤት ሦስት ስም ያላት ድመት አለች፣ ሦስቱም ጋ ምሳ ትበላለች።

ሁለት ድመት ነው ያለኝ፣ አንዷ ቀጭን ናት።

ለየብቻ ክፍል፣ በር ዘግታችሁ፣ 20 ደቂቃ። የተረፈውን አንሱ። በር የሌለው ቤት ከሆነ የቀጭኗን ሳህን ወፍራሟ መዝለል የማትችልበት ከፍታ ላይ አድርጉት፣ ወይም ቀጭኗ ብቻ የምታልፍበት ቀዳዳ ያለው ካርቶን ውስጥ። ወፍራሟ ስትከሳ ይህ ዘዴ ያበቃለታል፣ ያ ግን ጥሩ ችግር ነው።

ስፖርት ላሠራት?

በስፖርት ብቻ የከሳች ድመት የለችም፣ ግን ጡንቻዋን ይጠብቅላታል፣ መሰልቸቷንም ይቀንሳል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል። እንጨት ላይ የታሰረ ላባ፣ የተጠቀለለ ወረቀት። ክር ብቻውን ሜዳ ላይ አትተዉ፤ ከዋጠችው አንጀቷን ይሰበስበዋል፣ ቀዶ ሕክምና ነው።

ከሁሉ የምወደው ባዶ ሃይላንድ ነው። ጎኑ ላይ ፍሬው የሚያልፍበት ሁለት ሦስት ቀዳዳ አብጁለት፣ ጠርዙ እንዳይቆርጣት በእሳት ትንሽ አለስልሱት፣ የቀኑን ድርሻ ግማሽ ውስጡ አድርጉና ወለሉ ላይ ልቀቁት። መጀመሪያ ታሸተዋለች። ከዚያ በእጇ ነካ ታደርገዋለች፣ ይንከባለላል፣ አንዲት ፍሬ ጠብ ትላለች፣ ድመቷ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ከዚያ በኋላ ቤቱን ሙሉ ስታንከባልለው ታመሻለች። በሁለት ደቂቃ ትውጠው የነበረው ምግብ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የእንቁላል ካርቶንም እንደዚያው ይሠራል።

ድመቷ የማዳም ናት፣ የምመግባት ግን እኔ ነኝ። ምን ላድርግ?

ዓረብ አገር ቤት ውስጥ የምትሠሩ እህቶች ብዙ ጊዜ ይህ ይገጥማችኋል። በራሳችሁ ውሳኔ ምግቧን አትቀንሱ፤ አንድ ነገር ብትሆን ጣት የሚቀሰረው እናንተ ላይ ነው። ጎኗን አስነክታችሁ ለማዳም አሳዩ፣ ሐኪም ጋ ሲወስዷት በቀን ስንት ግራም እንደሆነ በወረቀት እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ወረቀቱን ምግቡ ያለበት ቦታ ለጥፉት፣ ልጆቹም ያዩታል። አንድ ቀን ካልበላች ደግሞ ያንኑ ቀን ንገሩ፣ በመልእክት ቢሆን ይመረጣል፣ ሰዓቱ ይመዘገባል።

ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ልቀንስላት?

ክብደት መቀነስ በጣም ይጠቅማታል፣ አንዳንድ ድመቶች እንዲያውም ከኢንሱሊን ይላቀቃሉ። ግን ብቻችሁን አታድርጉት። ምግቡ ሲቀንስ ወይም ሲቀየር የሚያስፈልጋት ኢንሱሊንም ይቀንሳል፤ በድሮው መጠን ከቀጠላችሁ ስኳሯ ወርዶ ራሷን ትስታለች። ከሐኪም ጋር ብቻ። የሰው የማቅጠኛ መድኃኒት ለድመት መስጠት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ።

ግልገሎች፣ እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶችም ክብደት አይቀንሱም። ጊዜያቸው አይደለም።

እስከ መቼ ነው? አንድ ወር ሆነ፣ ለውጥ የለም።

በሳምንት ከክብደቷ ከግማሽ እስከ 2 በመቶ ብትቀንስ ልክ ነው። ለ6 ኪሎ ድመት ይህ ከ30 እስከ 120 ግራም ነው፣ መካከሉ ላይ 60 ያዙ። 1.5 ኪሎ ለማውረድ ግማሽ ዓመት፣ ከዚያም ትንሽ በላይ ይፈጃል። ቸኩለው ያዋጣቸው የሉም፣ ስለ ጉበት የተባለውን አስታውሱ።

ሦስት አራት ሳምንት ምንም ካልተንቀሳቀሰ መጀመሪያ ቀዳዳውን ፈልጉ። የውሻው ሳህን? የልጁ ወንበር ሥር? ጎረቤት? እማማ? ሁሉም ንጹሕ ከሆነ ምግቡን 10 በመቶ ቀንሱ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ከዚያ በላይ እየቀነሳችሁ ከመሄድ በፊት ሐኪም አማክሩ። ሲቀንስ ሲቀንስ ቆይቶ መሃል ላይ ቆም ማለትም ያለ ነው፤ የቀለለ ሰውነት የሚፈልገው ምግብም ያነሰ ነው።

በሳምንት ከ2 በመቶ በላይ ከወረደች ግን ምግብ ጨምሩላት።

እንደ ድሮዋ፣ እንዲያውም ከድሮው በላይ እየበላች፣ ግን እየከሳች ነው። ተሳካልን?

አልተሳካም። በተለይ ዕድሜዋ ከ10 ዓመት ካለፈ አንገቷ ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ከልክ በላይ መሥራት፣ ስኳር ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። ውኃ አብዝታ ከጠጣች፣ ሽንቷም ከበዛ በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ውሰዷት።

የታለመው ኪሎ ላይ ደረሰች። አሁንስ?

ወደ ድሮው ሳህን አትመለሱ። ምግቡን 10 በመቶ ጨምሩ፣ ሁለት ሳምንት መዝኑ። አሁንም ከቀነሰች ሌላ 10። ክብደቷ የቆመበት ግራም የሷ ግራም ነው፣ ከረጢቱ ምንም ይበል ምን። ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ መመዘን ይበቃል። የወጥ ቤት ሚዛኑን ግን ለማንም አታውሱ።